ኮንዴና የተዘለሉት ስድስት ገጾች

አባዬ፣

ከተለየኸን አስራ አንድ ወር ከስድስት ቀን ሆነ። ቀኑን ሲቆጥሩ የነበሩት ጓደኛህ ጋሼ መኮንን ናቸው፤ የሙት ዓመትህና የመጽሐፍህ ምረቃ በአንድ ቀን እንዲሆን የዝግጅቱ ኮሚቴ ከወሰነ ወዲህ በየእሁዱ እየደወሉ ስንት ቀን እንደቀረን ያስታውሱኝ ነበር። ነበር ያልኩት ከወር በፊት ስለተኳረፍን ነው። ይህን የምጽፍልህ የተኳረፍንበትን ጉዳይና የወሰንኩትን ውሳኔ ልነግርህ ነው። ውሳኔው አንተን አያስደስትህም። ነገር ከመሀል ሲጀመር ስለማትወድ ግን መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ።

የሲልቨር ስፕሪንጉን አፓርትመንትህን አስረክበናል። ቁልፉን የተቀበለችን የሕንፃው ኃላፊ፣ ቆሻሻ ሊጥል ሲወርድ ክራቫት የሚያስር ተከራይ ከአንተ ሌላ አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ፤ እዚያው ሊፍቱ አጠገብ ስቄ ስቄ አለቀስኩ። ዕቃህን ቤልትስቪል፣ እኔ ቤት አምጥተነዋል። ሸሚዞችህን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁ። ልጄ ሊያ ግን ክርኑ ላይ የተጣፈውን ግራጫ ሹራብህን አስቀርታ ኮሌጅ ለብሳው ትሄዳለች፤ ፋሽን ነው አሉ። መንጃ ፈቃድም አውጥታለች፤ አነዳዷ ልክ አንተ እንደፈራኸው ነው። እኔ ዛሬም የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነኝ። ዘንድሮ የሰጡኝ መስመር በአንተ ሕንፃ በኩል ያልፋል፤ መብራት ሲይዘኝ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለውን መስኮትህን አንጋጥጬ አያለሁ። አዲሶቹ ተከራዮች ወይን ጠጅ መጋረጃ ሰቅለውበታል። አልወደድኩላቸውም።

ይህን ደብዳቤ ሌላም ሰው ስለሚያነበው ኮንዴን ማስተዋወቅ አለብኝ። ኮንዴ በፖርቱጋልኛ የማዕረግ ስም ነው፤ «በእኛ ደጃዝማች በይው» ትለኝ ነበር። በቤታችን ግን የሰውዬው መጠሪያ ሆኖ ቀረ። የዛሬ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ የኖረ የሊዝበን ባላባት ነው። በአምባሳደርነት የነገሥታት ደጅ ጠንቶ፣ ብራዚል ውስጥ አንድ ትልቅ ግዛት ገዝቶ፣ በመጨረሻ ተሽሮ በርስቱ ላይ ብቻውን ያረጀ ሰው። አንተ በወጣትነትህ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ለሁለት ዓመት ብራዚል ተልከህ ሳለ የደብዳቤዎቹን ስብስብ ከመንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጭ ገዛኸው። ከዚያ ወዲህ ተለያይታችሁ አታውቁም። ለስብሰባ ከአገር ወጥተህ በዚያው ስትቀር ሻንጣህ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሸሚዝና ኮንዴ ናቸው። እማዬ ነፍሷን ይማርና፣ «የእኔን ፎቶ እንኳን አልያዘም፤ ያንን ፈረንጅ ግን አልረሳም» እያለች ስትበሽቅ ነው ያደግኩት።

ዋሽንግተን ገብተህ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ በሠራህባቸው ዓመታት ሁሉ ኮንዴ ጭንህ ላይ ነበር። መኪና ሲመጣ ያነበብክበት መስመር ላይ ጣትህን አድርገህ በሌላው እጅህ ትኬት ትቆርጣለህ። እዚህ ያለ ሰው ግን ስለ አንድ ፖርቱጋላዊ መጽሐፍ እየሠራህ ነው ሲባል ትዝ የሚለው ድሮ ጠመንጃ ይዘው ለእርዳታ አገራችን የገቡት ወታደሮች ብቻ ናቸው። አሌክሳንድሪያ ሰርግ ላይ አንድ ሰውዬ ስለ እነዚያ ወታደሮች ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲያስረዳህ ዝም ብለህ ሰማኸው። ሲጨርስ፣ «የእኔ ሰውዬ የተወለደው እነዚያ ከሞቱ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው፤ ኢትዮጵያ የምትባል አገር መኖሯንም የትም ላይ አላነሳም» አልከው። ሰውዬው ግራ ገብቶት «ታዲያ ምን ያደርግልሃል?» አለህ። አልመለስክለትም። እኔም መልሱን ያወቅኩት ዘንድሮ ነው።

ጡረታ ከወጣህ በኋላ ኮንዴን ወደ አማርኛ ለመመለስ ቆርጠህ ተነሳህ። ጣቶችህ ኮምፒውተሩ ላይ አልታዘዝ ሲሉህ ጸሐፊህ እኔ ሆንኩ። የጠዋት ተማሪዎቼን አድርሼ የከሰዓቱ እስኪደርስ ያለኝ ክፍት ጊዜ የአንተ ነበር። አንተ መስኮቱ ጋ ቆመህ፣ ለማንም ሳይሆን ለኮንዴ ክብር ክራቫትህን አስረህ፣ ፖርቱጋልኛውን በዓይንህ እያነበብክ አማርኛውን ለእኔ ትነግረኛለህ። አንድ ቃል ከማስጻፍህ በፊት ግን የዋናውን መጽሐፍ ገጽ ትጠራለህ። «ገጽ ዘጠና አራት።» እኔ ቁጥሩን ኅዳጉ ላይ አሰፍራለሁ። ማን ሄዶ ሊያመሳክር ነው ብዬ ሳጉረመርም ተቆጣኸኝ፤ ሚኒስቴሩ ውስጥ ሥራ ያስተማሩህ አዛውንት የገጽ ቁጥር የሌለው ሰነድ ምስክር እንደሌለው ክስ ነው ይሉህ እንደነበር ነገርከኝ። በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ገጹን ሳትጠራ ጀምረህ አታውቅም።

እነዚያ ቀናት ይናፍቁኛል። ኮንዴ ልጅ ሳለ ሊዝበን በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳ ቤተሰቡ ወራት ሙሉ በድንኳን መኖሩን ስታስጽፈኝ ድምፅህ ዝቅ ይል ነበር። አምባሳደር ሆኖ ቪየና የገባበትን ምዕራፍ ደግሞ እየተወንክ ነበር የምትነግረኝ። ጠባብ መንገድ ላይ የእሱና የሌላ አገር አምባሳደር ሠረገላ ፊት ለፊት ተፋጠጡ፤ ወደኋላ ያለ ንጉሡን አዋረደ ስለሚባል ሁለቱም ሳይነቃነቁ ግማሽ ቀን ተቀመጡ። ምሳቸው ከየቤታቸው መጣላቸው። ሊያ ይህን ስትሰማ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ለፓርኪንግ የሚፋጠጡት የእኛ ሰዎች ትዝ አሏትና ትን እስኪላት ሳቀች። አንተ ግን ኮንዴ ትክክል ነበር ብለህ ድርቅ አልክ። እኔ በበኩሌ አውቶቡሴን ወደኋላ ከማሽከርከር መታሰርን እንደምመርጥ ስለማውቅ ከአንተ ጋር ወገንኩ።

ከዚያ ብራዚል ይመጣል። ሦስት ወር በመርከብ ተጉዞ ገዥ ሆኖ ደረሰ። መንገድ አስጠረገ፣ ድልድይ አስገነባ፣ ለከተማው ውኃ አስመጣ፣ ለፈንጣጣ ሕሙማን ማረፊያ ቤት አሠራ። የዘነበውን ዝናብ ሳይቀር በየዕለቱ ይመዘግብ ነበር። ኋላ ንጉሡ ሞቶ ባለሟሎቹ ሲገለበጡ እሱም ተሽሮ ተጠራ፤ ሊዝበን ወደብ ላይ ሲወርድ የተቀበለው አንድም ሰው አልነበረም። ያንን ስታስጽፈኝ ፊትህን ወደ መስኮቱ አዙረህ ነበር። ለምን እንደሆነ የገባኝ መሰለኝ፤ አንተም የሾመህ መንግሥት ወድቆ ማንም በማያውቅህ አየር ማረፊያ ላይ ብቻህን የወረድክ ሰው ነህ። እንባዬ መጣ። ኮንዴን በደል የደረሰበት ንጹሕ ሰው አድርጌ ተቀበልኩት፤ አንተንም እንዲሁ።

ስለ አንተ ሹመት የማውቀው ትንሽ ነበር። ከብራዚል ተመልሰህ የወረዳ ገዥ ሆነህ እንደነበር፣ ጋሼ መኮንን ጸሐፊህ እንደነበሩ፣ ጓደኝነታችሁም ከዚያ እንደጀመረ፤ ይኸው ነው። ስለ ወረዳው በጠየቅኩህ ቁጥር የምትነግረኝ ስለ በቅሎህ ነበር። ወንዝ ሲሞላ አልሻገርም ብላ እንዴት እንዳስቸገረችህ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ መሰለህ። ሌላ ነገር ስጠይቅህ በቅሎዋ ትመጣለች። እኔም እየሳቅኩ እተወዋለሁ።

ሆስፒታል በተኛህበት የመጨረሻ ሳምንት እጄን ያዝክና «እንደተየብሽው አሳትሚው፤ ምንም እንዳትነካኪ» አልከኝ። እሺ አልኩህ። ማይልኝ አልክ። ማልኩልህ።

ከሁለት ወር በፊት ማተሚያ ቤቱ የኅዳግ ቁጥሮቹን አንዴ አረጋግጪልን አለኝ። ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ ሊያ ዋናውን መጽሐፍ፣ እኔ የእኛን ጽሑፍ ይዘን ማመሳከር ጀመርን። ሁለት መቶ አስራ አንድ አለ። ሁለት መቶ አስራ ሁለት አለ። ቀጥሎ ያለው ሁለት መቶ አስራ ዘጠኝ ነው። ደክሞኝ የዘለልኩት መስሎኝ አፈርኩ። ቆይቶ ግን ቀኑ ትዝ አለኝ። ሁለት መቶ አስራ ሁለትን እንደጨረስን ውኃ አምጪልኝ አልከኝ። ይዤ ስመለስ ገጹን ገልጠህ ቆመሃል፤ ከወትሮው ጮክ ብለህ «ገጽ ሁለት መቶ አስራ ዘጠኝ» አልክ። ብርጭቆውን ተቀብለኸኝ ሳትጠጣው መስኮቱ ላይ አስቀመጥከው። ያኔ ምንም አልጠረጠርኩም።

ሊያ ስልኳን በገጾቹ ላይ ደቅና ስልኩ የተረጎመላትን እንግሊዝኛ ማንበብ ጀመረች። መጀመሪያ ጮክ ብላ፣ ከዚያ በለሆሳስ፣ ከዚያ ዝም ብላ። «ማሚ፣ ሲት ዳውን» አለችኝ። ተቀምጬ ነበር።

ስድስቱ ገጾች ኮንዴ ለንጉሡ የላከው ዘገባ ናቸው። ከባርነት ያመለጡ ሰዎች ጫካ ውስጥ መንደር መሥርተው፣ ማሳ አርሰው፣ ልጅ ወልደው ይኖሩ ነበር። ኮንዴ ወታደር ልኮ መንደሩን አቃጠለው። ማሳውንም ሳይቀር። ወንዶቹ ተገደሉ፤ ሴቶቹና ሕፃናቱ ታስረው ተመለሱና ተሸጡ። እኔን ያበገነኝ አጻጻፉ ነው፤ ልክ እንደ ዝናቡ መዝገብ የተስተካከለና ጨዋ ነው። «ጉዳዩ በጸጥታ ተፈጽሟል» ብሎ ይዘጋውና በሚቀጥለው መስመር ስለ ድልድዩ ያወራል።

አባዬ፣ ያን ቀን ተናደድኩብህ። ሞተህ ስለነበር ደግሞ የምናደድበት ቦታ አጣሁ። አራት ዓመት ሙሉ አጠገብህ ተቀምጬ ስጽፍ ቅን ሰው ነው ብለህ ያስወደድከኝ ሰው ሕፃናት የሸጠ ነው። ውኃ አምጪልኝ ብለህ አስነስተህ ያሳለፍከኝ ይህንን ነው። ሊያ ልታጽናናኝ ስትሞክር ገፋኋት፤ ኋላ ይቅርታ ጠየቅኳት።

ሁለት ቀን ቆይቼ ወረቀቶችህን አንድ በአንድ አየሁ። «ልዩ ልዩ» ብለህ በጻፍክበት ክላሴር ውስጥ አገኘሁት። ስድስቱንም ገጽ ተርጉመሃቸዋል፤ በእርሳስ፣ አንድ ቃል ሳይቀር። ኅዳጉ ላይ «ይዘለል» ብለሃል። ሰርዘህ «ይግባ» ብለሃል። ሰርዘህ እንደገና «ይዘለል»። የመጨረሻው ቃልህ ያ ነው፤ እንዳላየሁ አልሆንም። ወረቀቱን ስገለብጠው ደግሞ በጀርባው ላይ በቀለም የተጻፈ የራስህን ነገር አገኘሁ።

ሃያ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። ለአንድ ሰፊ እርሻ ሲባል ጭሰኞች ከመሬታቸው እንዲለቁ ትእዛዝ ከበላይ መጣ፤ የወረዳው ገዥ አንተ ነህ። ፈረምክ። አዝመራው ሳይሰበሰብ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ሰባት አባወራ ከነቤተሰቡ ወጣ። «ሄጄ አላየሁም» ብለህ ጽፈሃል። «ለበላይ በላክሁት ዘገባ ላይ ጉዳዩ በጸጥታ ተፈጽሟል አልኩ። ቃሉ የኮንዴ መሆኑ የገባኝ ከብዙ ዘመን በኋላ ጋራዥ ውስጥ ቁጭ ብዬ ይህን ገጽ ስደግመው ነው።» ከዚያ ሰባት ስም ከነአባት ስም አሰፈርክ። ከስሞቹ በታች ሌላ ነገር የለም።

አሌክሳንድሪያ ሰርግ ላይ ምን ያደርግልሃል ላለህ ሰው መልሱ ይኸው ነበር። ኮንዴን ስታነብ የኖርከው አንተን ስለሚያውቅህ ነው።

ለጋሼ መኮንን ሳልነግር ምንም ማድረግ አልፈለግኩም። የመጽሐፉን መቅድም የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ አዳራሹን የተከራዩት፣ ውድብሪጅና ፎልስ ቸርች ድረስ እየደወሉ ሰው የጠሩት እሳቸው ናቸው። ኮፒ አድርጌ አሌክሳንድሪያ ቤታቸው ሄድኩ። ከጀርባው ምን እንዳለ ስነግራቸው የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አዩና ቀሪውን ሳያነቡ መለሱልኝ። «ሰብልዬ፣ ይኼ ምን ይጠቅምሻል? ሰው ሁሉ ሊያከብረው በተሰበሰበበት ቀን አባትሽን ልታዋርጂው ነው?» አሉኝ። ያን ዘመን እዚህ ያደገ ልጅ ሊፈርደው እንደማይችል፣ ትእዛዝ ትእዛዝ እንደነበር፣ አንተ ከሌሎቹ ሹሞች ሁሉ የተሻልክና ደግ እንደነበርክ ነገሩኝ። አንዱንም አልተከራከርኩም፤ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ላሳትመው እንደማስብ ስነግራቸው ግን ብድግ አሉ። «እንግዲያው መቅድሜን አውጪልኝ። እኔም አልመጣም። ማተሚያ ቤቱ ፋይናል ፋይል ሲጠይቅሽም ኮል እንዳታደርጊኝ» ብለው በሩን ከፈቱልኝ። ካደግኩበት ጊዜ ጀምሮ በሸኙኝ ቁጥር መኪናዬ ድረስ ይወጡ ነበር። ያን ቀን ከበሩ አልወጡም።

ቤልትዌይ ላይ እየነዳሁ ለአንተ ጮህኩብህ። አጠገቤ ያለፈው ሾፌር በስልክ የምጣላ ሳይመስለው አልቀረም። አንተ ነህ ያስማልከኝ፤ አንተው ነህ ወረቀቱን ሳትቀድ የተውከው። ብትቀደው ኖሮ ዛሬ ሁሉም ሰላም ነበር። ጋሼ መኮንን መቅድማቸውን ያነቡ ነበር፤ እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ ከፊት ረድፍ ተቀምጬ ስለ ደግነትህ ስሰማ አለቅስ ነበር።

ሦስት ሳምንት አሰብኩበት። ልትደብቀው ቆርጠህ ቢሆን ቁጥሩን ማስተካከል ምን ያህል ከባድ ነው? ሁለት መቶ አስራ ዘጠኝ ያልከውን ሁለት መቶ አስራ ሦስት ብትለኝ ጽፌ አልፍ ነበር። ማንም አያመሳክርም። አንተ ግን ትክክለኛውን ቁጥር ጠራህ። እንዳገኘው ፈልገህ ይሆናል። ወይ ደግሞ የሃምሳ ዓመት ልማድ አልለቅህ ብሎ ይሆናል። የትኛው እንደሆነ አላውቅም፤ አውቃለሁ ብዬም አንተን ማሳመር አልፈልግም። ለራሴ ብፈቅድ ኖሮ በቀላሉ አሳምርህ ነበር።

ውሳኔዬ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። ከዚያ ጫካ ታስረው የተመለሱት ሴቶችና ሕፃናት ስም የላቸውም። ኮንዴ የዝናቡን ልክ ሲጽፍ የእነሱን ስም አልጻፈም፤ ዛሬ ማንም ቢፈልግ አያገኘውም። የአንተዎቹ ግን ስም አላቸው፤ ምክንያቱም አንተ ጽፈኸዋል። ያንን ወረቀት ክላሴሩ ውስጥ መልሼ ብከተው በሰዎቹ ላይ ሁለተኛ የምፈርመው እኔ ነኝ። ሊያን ጠየቅኳት። «ግራንድፓ መጻፍ አልነበረበትም» አለችኝ፤ «በት ሂ ዲድ፣ ግን ጻፈ።» ከዚያ ስሞቹን ራሷ ማንበብ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ እምቢ ያለችኝን ፊደል በዚያው ሳምንት ጀመርን። አሁን ሰባቱንም ስም ታነባለች፤ ቀስ ብላ፣ እየተደናቀፈች፣ ግን ታነባለች።

ትናንት ከቀትር በኋላ ስልኬ ጠራ። ጋሼ መኮንን ናቸው። መኪና መንዳት ካቆሙ ቆይተዋል፤ ከአሌክሳንድሪያ ሜትሮ ተሳፍረው፣ መሀል ላይ ባቡር ቀይረው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ግሪንቤልት ጣቢያ ድረስ መጥተዋል። «ነይ ውሰጂኝ» ብቻ ነው ያሉኝ። መንገድ ላይ ስለ አየሩ አወራን። ቤት ገብተው ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጡና ያን ጊዜ የመለሱልኝን ወረቀት ጠየቁኝ። መነጽራቸውን አደረጉ። ስድስቱን ገጽ አነበቡ፤ ከጀርባው ያለውን አነበቡ። ስሞቹ ጋ ሲደርሱ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። እንደገና ከላይ ጀመሩ።

«አንድ ሰው ጎድሏል» አሉ።

አንተ ከቢሮ አልወጣህም አባዬ። የፈረምክበትን ትእዛዝ ይዘው ቤት ለቤት የሄዱት እሳቸው ናቸው። ወረቀቱ ላይ የነበሩት ሰባት ወንዶች ናቸው። መሀላቸው ግን ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ነበረች። መሬቱ የሚታወቀው በባሏ ስም ነበር፤ እሱ ሲሞት ስሙ ከዝርዝሩ ተሰረዘ፣ በምትኩ እሷን የጻፋት የለም። ስሜ ሳይጠራ አልወጣም ብላ ደጃፏ ላይ ተቀመጠች። «የታለሁ? አሳየኝ አለችኝ» አሉ ጋሼ መኮንን። ወረቀቱን ሰጧት። ማንበብ አትችልም፤ ቢሆንም ከላይ እስከ ታች ጣቷን አሳለፈችበት። የለሁበትም አለች። እውነቷን ነበር። ከሌሎቹ ጋር አብረው አስወጧት። ቢሮ ሲመለሱ ሰባት ብለው ነገሩህ፤ አንተም ሰባት ብለህ ዘገብክ። «አባትሽ እስኪሞት ድረስ አላወቀም። ልነግረው ስል ስል ስንት ዓመት አለፈ መሰለሽ» አሉኝና መነጽራቸውን አወለቁ። ለአንተ ክብር ብለው የተጣሉኝ መስሎኝ ነበር። የፈሩት ያንን ደጃፍ ነው።

አቀፍኳቸው። ሲረጋጉ ኮምፒውተሩን እንዳመጣ ጠየቁኝ። መቅድሙን እንደገና ላስገባው ወይ ስላቸው እጃቸውን አወናጨፉ። «መቅድሙን ተይው። እዚህ ታች ላይ፣ ወረቀቱን ያደረሰው መኮንን ነው ብለሽ ጻፊ። ስሟንም ጻፊ።» ጻፍኩ። ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው አደረጉኝ። ሁለቴ።

ዛሬ ጠዋት ተማሪዎቼን አድርሼ ከማቆሚያው ሳልወጣ ፋይሉን ላክሁት። ከሁለት መቶ አስራ ሦስት እስከ ሁለት መቶ አስራ ስምንት ያለው በቦታው ገብቷል፤ የአንተ ጽሑፍ ከሥሩ ተከትሏል፤ የጋሼ መኮንን ቃል ከአንተ በታች ነው። መቅድሙ በነበረበት ቦታ ይህ ደብዳቤ ይታተማል፤ እንደጨረስኩት ለብቻው እልከዋለሁ። የማልኩልህን አፍርሻለሁ። በምረቃው ቀን መድረክ ላይ ቆሜ ይህንኑ እናገራለሁ፤ ተነስቶ የሚወጣ ሰው ካለ ይውጣ። ጋሼ መኮንን አጠገቤ እንደሚቆሙ ነግረውኛል። ጉልበታቸው ካልቻለ ወንበር እናመጣላቸዋለን።

አንተን የምረሳ ሰው አይደለሁም። ግን ደስ ደስ የሚለውን ብቻ መርጬ አላስታውስህም። መንዳት ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ እማዬ ስትታመም ሌሊትና ቀን ያስታመምካት አንተ ነህ፤ የፈረምከውም አንተ ነህ። ሊያ ልጆች ስትወልድ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ፤ እኔ ባልደርስ እሷ ትነግራቸዋለች፤ አሁን ማንበብ ትችላለች። እወድሃለሁ፤ ይኼ አልተነካም። በሙት ዓመትህ ቄሱ ስምህን ሲጠሩ እኔ ቀጥዬ የሰባቱን እጠራለሁ። ስምንተኛዋ አስካለ ትባላለች፤ ከእሷ እጀምራለሁ።

ልጅህ ሰብለ